ኤንሪች ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ መክፈቻ፦ ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ ባለበት ክፍል ሲመዘን

በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶቻችን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሚጀመርበት መንገድ የታወቀ ነው። መምህሩ ይገባል፣ ተማሪዎች ተነሥተው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ቀኑና ርዕሱ በሰሌዳው ላይ ይጻፋል፣ «ባለፈው ምን ተማርን?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ከፊት የተቀመጡ ሁለት ሦስት ተማሪዎች ይመልሳሉ፤ ከዚያ ትርጓሜው፣ ቀመሩ፣ ምሳሌውና የክፍል ሥራው በተራ ይከተላሉ። በትምህርት ዕቅዱ ቅጽ ላይ «መግቢያ» የሚለው ሣጥን ሁልጊዜ ይሞላል፤ የሚሞላው ግን ብዙውን ጊዜ «ያለፈውን መከለስ» በምትል አንዲት ሐረግ ነው። ይህ ግምገማ ያንን ሣጥን በተሻለ ነገር መሙላት ለሚፈልግ የሒሳብ መምህር፣ ኤንሪች (NRICH) የተባለው ነፃ የኢንተርኔት አገልግሎት ምን ያህል እንደሚጠቅም ይመዝናል።

ኤንሪች የእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ነው። ሥራውን የጀመረው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ የዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ፋኩልቲና የትምህርት ፋኩልቲ በ1999 በጋራ ካቋቋሙት የሚሌኒየም የሒሳብ ፕሮጀክት ሥር ይሠራል። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 18 ዓመት ለሆነ ተማሪዎች የሚስማሙ የሒሳብ ጥያቄዎች፣ ጨዋታዎችና ለመምህራን የተዘጋጁ ጽሑፎች በድረ ገጹ ላይ ይገኛሉ። ክፍያ የለም፤ ጥያቄዎቹን ለማየት መመዝገብም አያስፈልግም። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። «ነፃ ነው» ተብሎ ከተገባ በኋላ ገና ሦስተኛው ጥያቄ ላይ የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቁ የትምህርት ድረ ገጾች ስንቱን መምህር ተስፋ አስቆርጠው እንደመለሱ የሞከረ ያውቀዋል።

እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ገጽ አለው። በገጹ ላይ ከጥያቄው ሌላ ለጀማሪ የሚሆን ፍንጭ፣ ከተለያዩ አገሮች ተማሪዎች ልከዋቸው የታተሙ መልሶች እና የመምህሩ ማስታወሻ ይገኛሉ። ከሁሉም የላቀው የመምህሩ ማስታወሻ ነው። ጥያቄው ለምን እንደሚጠቅም፣ በክፍል ውስጥ በምን ቅደም ተከተል ሊቀርብ እንደሚችል፣ ተማሪዎች ሲቸገሩ መምህሩ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት፣ ለሚፈጥኑት ምን እንደሚጨመርላቸው፣ ለሚዘገዩት ምን እንደሚቀለልላቸው በጥቂት አንቀጾች ያስረዳል። ብዙ የመልመጃ መጻሕፍት መልሱን ከኋላ ገጽ አስፍረው ይተዋሉ፤ እዚህ ግን አንድ ልምድ ያለው መምህር ጥያቄውን ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚያስኬደው ይታያል።

አዘጋጆቹ ጥሩ ጥያቄ የሚሉት ማንኛውም ተማሪ ሊጀምረው የሚችለውን፣ ጎበዝ የተባለው ግን ቶሎ የማይጨርሰውን ነው። ስልሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ ግማሹ ማባዛት እያቃተው ግማሹ ሥራውን ጨርሶ በሚያወራበት ሁኔታ፣ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ ማግኘት ያስቸግራል።

በመጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው «ሜክ 37» የሚባለው ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ በአራት ከረጢቶች ውስጥ ብዙ ብዙ 1፣ 3፣ 5 እና 7 ቁጥሮች አሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ የፈለጋችሁትን ዐሥር ቁጥሮች ወስዳችሁ ድምራቸውን 37 አድርጉ። አንዱን ቁጥር መደጋገም ይቻላል። በሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ከመጻፍ በቀር ሌላ ዝግጅት አይጠይቅም። መደመር የሚችል ሁሉ ወዲያው ሊጀምረው ይችላል፤ ዐሥሩም ቁጥሮች 1 ቢሆኑ ድምሩ 10፣ ዐሥሩም 7 ቢሆኑ 70 ስለሚሆን፣ 37 በመካከል ያለና ትንሽ ከተሞከረ የሚደረስበት ቁጥር ይመስላል።

ይህ ጥያቄ በ7ኛ ክፍል ሲቀርብ የሚሆነው ነገር ቀረብ ተብሎ ሊታይ ይገባዋል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ሁሉም ደብተሩ ላይ ያቀረቅራል። ከዚያ ከኋላ ዴስክ «ቲቸር፣ አገኘሁት!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ተማሪው ወጥቶ 7፣ 7፣ 7፣ 7፣ 3፣ 3፣ 1፣ 1፣ 1 ብሎ ይጽፋል። ክፍሉ አብሮት ይደምራል፤ በትክክል 37 ነው። ሲቆጠር ግን ቁጥሮቹ ዘጠኝ ብቻ ናቸው። «አንድ ጨምርበታ!» ይሉታል፤ 1 ሲጨምርበት 38 ይሆንበታል። ሌላዋ ተማሪ 36 ላይ ደርሳ «አንድ ብቻ ነው የጎደለኝ» ትላለች፤ አንዱን 1 አጥፍታ በ3 ስትተካው እሷም 38 ላይ ታርፋለች። በዚህ ሰዓት የመምህሩ ሥራ አስተያየት ሳይሰጥ የተገኙትን ድምሮች ሁሉ በሰሌዳው ጥግ መዘርዘር ብቻ ነው፦ 36፣ 38፣ 44፣ 28፣ 40፣ እንደገና 36። ዝርዝሩ እየረዘመ ሲሄድ የራሱን ሙከራ ትቶ ዝርዝሩን የሚያይ ተማሪ አይጠፋም። «ቲቸር፣ ሁሉም ተጋማሽ ናቸው እኮ!» ይላል።

ከዚያ ወዲያ ክፍሉ የሚጠይቀው «ለምን አይሆንም?» የሚለውን ይሆናል። ሁለት ኢተጋማሽ ቁጥሮች ሲደመሩ ተጋማሽ እንደሚሆኑ፣ ዐሥሩ ቁጥሮች አምስት ጥንድ እንደሚሠሩ፣ ስለዚህ የቱንም ቢመርጡ ድምሩ 37 ሊሆን እንደማይችል ተማሪዎቹ በራሳቸው አንደበት ይናገሩታል። ይህ የሒሳብ ማረጋገጫ ነው። «አልተገኘም» እና «ሊገኝ አይችልም» የሚባሉት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ለ12 ዓመት ልጅ በትርጓሜ ለማስረዳት ቢሞከር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያስተማረ ሁሉ ያውቃል፤ እዚህ ግን ልጁ ራሱ ደክሞ ስለሞከረ ልዩነቱ ይገባዋል።

ይህን ጥያቄ በተመለከተ ከመምህራን የሚሰማ አንድ ተቃውሞ አለ፤ መልስ የሌለውን ጥያቄ መልስ እንዳለው አድርጎ መስጠት ተማሪን ማታለል ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ባዶ አይደለም፤ በተለይ ከሒሳብ ጋር የተጣሉ ተማሪዎች መልሱ ሲጠፋባቸው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ይጥላሉ። ሆኖም ጥያቄው ከመጀመሪያው «ይቻላል ወይስ አይቻልም?» ተብሎ ቢቀርብ ግማሹ ክፍል ሳይሞክር «አይቻልም» ብሎ ይቀመጣል፤ ጥያቄው የሚሠራው ሁሉም ስለሚሞክር ነው። የተሻለው መንገድ ጥያቄውን እንዳለ አቅርቦ፣ ተማሪዎቹ ሲታክቱ ሳይዘገዩ ሙከራዎቹን በሰሌዳው ላይ ማሰባሰብ ነው፤ የሁሉም ድምር በአንድ ላይ ሲታይ ያልተሳካለት አንድ ተማሪ ብቻ አለመሆኑ ይገለጣል።

ሁለተኛው «ቴክ ስሪ ፍሮም ፋይቭ» የተባለው ሲሆን፣ ከፍ ላሉ ክፍሎች መክፈቻነት ከሁሉም እመርጠዋለሁ። መምህሩ ተማሪዎቹ የፈለጉትን አምስት ሙሉ ቁጥሮች እንዲሰጡት ይጠይቃል፤ ከዚያ ከአምስቱ መካከል ድምራቸው ለ3 የሚካፈል ሦስት ቁጥሮችን ያከብባል። ለምሳሌ 4፣ 7፣ 12፣ 20 እና 23 ቢሰጡት 4፣ 12 እና 20ን ያከብባል፤ ድምራቸው 36 ነው። ሌላ አምስት ይሰጡታል፤ አሁንም ያገኛል። ሦስተኛው ላይ ክፍሉ በእልህ ይነሣል። አንዱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮችን ይጠራል፣ ሌላው አምስቱንም ቁጥሮች አንድ ዓይነት ያደርጋል (ይህ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ አንድን ቁጥር ሦስት ጊዜ መደመር በ3 ማባዛት ነውና)፣ ጎበዙ ደግሞ ጥጉ ላይ ሆኖ ለ3 በሚካፈሉ ቁጥሮች መጀመር ለመምህሩ እንደሚያመች ጠርጥሮ እነሱን ያስወግዳል። ማንም አይረታውም።

ምክንያቱ ቀሪ ነው። ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ለ3 ሲካፈል ቀሪው 0፣ 1 ወይም 2 ነው። ከአምስቱ ቁጥሮች መካከል ከሦስቱም የቀሪ ዓይነቶች አንድ አንድ ካለ፣ የቀሪዎቹ ድምር 3 ስለሚሆን ሦስቱ ቁጥሮች ተገኙ ማለት ነው። አንዱ ዓይነት ከጎደለ ግን አምስቱ ቁጥሮች በሁለት ዓይነቶች ብቻ ይከፈላሉ፤ ስለዚህ ቢያንስ ሦስቱ አንድ ዓይነት ቀሪ ይኖራቸዋል፤ አንድ ዓይነት ቀሪ ያላቸው ሦስት ቁጥሮች ሲደመሩ ደግሞ ምንጊዜም ለ3 ይካፈላሉ። ማብራሪያው ይኸው ነው፤ ተማሪዎች ይህን እንዲያገኙ የሚሰጠው ጊዜ ግን እንደ ክፍሉ ይለያያል፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ የማይደርሱበትም አሉ። መምህሩ ሰሌዳው ፊት ቆሞ በስሌት ቢደናገር ጨዋታው ስለሚፈርስ፣ ቁጥሮቹን በአኃዞቻቸው ድምር አማካይነት በዓይን መለየት እስኪችል ድረስ በቤቱ መለማመድ ይኖርበታል።

ሦስተኛው «ፋክተርስ ኤንድ መልቲፕልስ ጌም» የሚባለው የአካፋዮችና የብዜቶች ጨዋታ ነው። ሁለት ተጫዋቾች ከ1 እስከ 100 የተጻፈበት ሰንጠረዥ ይዘው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ከ50 በታች የሆነ አንድ ተጋማሽ ቁጥር ይሰርዛል፤ ሁለተኛው የዚያን ቁጥር አካፋይ ወይም ብዜት የሆነ ሌላ ቁጥር ይሰርዛል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ይቀጥላሉ፤ አንዴ የተሰረዘ ቁጥር አይደገምም፤ የሚሰርዘው ያጣ ይሸነፋል። 40 ተብሎ ቢጀመር 8፣ ከዚያ 24፣ ከዚያ 12፣ ከዚያ 60፣ ከዚያ 30 እያለ ሊሄድ ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ተማሪዎች 1ን ይወዱታል፤ የሁሉም ቁጥር አካፋይ ስለሆነ ሲጨንቃቸው ይሮጡበታል። ወዲያው ግን ዋጋቸውን ያገኛሉ። አንዱ 1ን እንደሰረዘ ጓደኛው 97ን ይሰርዛል፤ 97 ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ብዜቱ ከ100 ይበልጣል፣ ከራሱ ሌላ ያለው አካፋይ 1 ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ተሰርዟል። ጨዋታው አለቀ። ከ50 በላይ ያሉት ዐሥሩ ብቸኛ ቁጥሮች ማለትም 53፣ 59፣ 61፣ 67፣ 71፣ 73፣ 79፣ 83፣ 89 እና 97 ሁሉም እንዲህ ያለ ወጥመድ ናቸው። ተማሪው ይህን ካወቀ በኋላ 1ን እንደ እሳት ይሸሸዋል፤ ተቀናቃኙን ወደ 1 እንዴት መግፋት እንደሚችልም ማሰብ ይጀምራል። ያን ጊዜ 91 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ክርክር ያስነሣል (7 ጊዜ 13 ነው፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል)። የብቸኛ ቁጥሮችን ዝርዝር በቃል እንዲያጠኑ ታዝዘው ያላጠኑ ልጆች በጨዋታው መካከል ዝርዝሩን ሲፈልጉ ማየት የሚያስደስት ነገር ነው።

ከጨዋታው በኋላ መምህሩ ሊያነሣው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ የመጀመሪያው ቁጥር ለምን ተጋማሽና ከ50 በታች እንዲሆን ተደረገ? ሕጉ ባይኖር ጀማሪው 59 ብሎ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ከ1 ሌላ ምርጫ የለውም፤ ጀማሪው 61ን ይሰርዝና ያሸንፋል። ሕጉ የተቀመጠበትን ምክንያት ራሳቸው ያገኙ ተማሪዎች ስለ ብቸኛ ቁጥር ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

የተቀሩትን በአጭሩ ላንሣቸው። «ጎት ኢት» ሁለት ተጫዋቾች በየተራ ከ1 እስከ 4 ያለ ቁጥር እየጨመሩ ቀድሞ 23 ላይ ለመድረስ የሚሽቀዳደሙበት ጨዋታ ነው፤ 3፣ 8፣ 13 እና 18 ላይ የሚቆም ያሸንፋል፤ ለማካፈልና ለቀሪ ትምህርት አምስት ደቂቃ የማይሞላ መክፈቻ ይሆናል። «ዳይሲ ኦፐሬሽንስ» በዕጣ የሚወጡ አኃዞችን በባዶ ሣጥኖች ውስጥ እያስገቡ ለተወሰነ ድምር የሚቀርብ ውጤት መፈለግ ሲሆን የቁጥርን የቦታ ዋጋ ለማስተማር ይረዳል። ዐሥር ገጽ ያለው ዳይስ ስለሚፈልግ የሚተዉት መምህራን ይኖራሉ፤ ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች በፌስታል ውስጥ ተደርገው ቢወጡ ያው ነው።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። ዋነኛው ጊዜ ነው። ኤንሪች ለአምስት ደቂቃ መክፈቻ ተብሎ የተዘጋጀ አገልግሎት አይደለም፤ አብዛኞቹ ጥያቄዎች አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ እንዲወስዱ ታስበው የተጻፉ ናቸው። የእኛ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስም መጥራቱና ሰሌዳ መጥረጉ ሲቀነስ ሠላሳ አምስት ይሆናል። «ሜክ 37» እስከ ማረጋገጫው ከተሄደበት ሃያ ደቂቃ ይበላል። ፖርሽን አልጨረሰም ተብሎ የሚገመገም መምህር፣ በተለይም ተማሪዎቹ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚፈተኑበት ከሆነ፣ ይህን በየሳምንቱ ሊያደርገው አይችልም። መፍትሔው ጥያቄውን መቁረጥ ነው፦ በመክፈቻው ሙከራውን ማስጀመርና ድምሮቹን በሰሌዳው ጥግ መተው፣ ከዚያ ወደ ዕለቱ ትምህርት መግባት፣ «ለምን?» የሚለውን ለክፍለ ጊዜው መጨረሻ ወይም ለማግስቱ ማቆየት። የመምህሩ ማስታወሻ ይህን ዓይነት አከፋፈል አልፎ አልፎ እንጂ ሁልጊዜ አያመለክትም።

ሁለተኛው ችግር ፍለጋው ነው። ጥያቄዎቹ በእንግሊዝ የትምህርት ሥርዓት «ኪ ስቴጅ» በሚባሉ እርከኖች ተከፋፍለዋል። «ኪ ስቴጅ 2» ከ7 እስከ 11 ዓመት፣ «ኪ ስቴጅ 3» ከ11 እስከ 14 ዓመት፣ «ኪ ስቴጅ 4» ከ14 እስከ 16 ዓመት ያሉትን ይመለከታል። በዕድሜ ከሄድን «ኪ ስቴጅ 3» ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉት ይገጥማል፤ በይዘት ግን እንደዚያ አይገጥምም፤ በእኛ 9ኛ ክፍል የሚሰጥ ርዕስ እዚያ ቀድሞ ሊገኝ ይችላል፣ የተገላቢጦሹም እንዲሁ። የጥያቄው ክብደት በኮከቦች ቢመለከትም ኮከቦቹ የሚናገሩት ስለ ሐሳቡ ክብደት ስለሆነ፣ አንድ ኮከብ ያለው ጥያቄ ጎበዙን ክፍል ሲያንገዳግድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የራስን የትምህርት መጽሐፍ ማውጫ አጠገብ አስቀምጦ ጥያቄዎቹን በርዕስ መፈለግ ይሻላል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ ተጽፈዋል፤ እንግሊዝኛውም አንዳንዴ ረዘም ያለና በጨዋታ የተዋዛ ነው። ከ9ኛ ክፍል በላይ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ ችግሩ ይቀልላል፤ በዝቅተኛዎቹ ክፍሎች ግን መምህሩ ጥያቄውን አንብቦ ተረድቶ በራሱ አማርኛ ማቅረብ ይኖርበታል። ይህ ጥያቄውን የሚያሻሽልበትም ጊዜ አለ፤ በራሱ ቃል ያላቀረበውን ጥያቄ መምህር ክፍል ውስጥ ሕይወት ሊዘራበት አይችልም። በፓውንድና በፔንስ የተጻፉትን ወደ ብርና ሳንቲም መለወጥ ግን ሁልጊዜ የቃል ለውጥ ብቻ አይደለም፤ በእኛ ገበያ የሌለ ዋጋ ይዘው የሚመጡ ጥያቄዎች ስላሉ ቁጥሮቹም አብረው መታሰብ አለባቸው።

ኢንተርኔትን በተመለከተ የሚፈራውን ያህል አይደለም። በስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሱ መጫወቻዎች ያሏቸው ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ ያለ ስክሪን ይሠራሉ። መምህሩ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ገጹን በስልኩ ስክሪንሾት አድርጎ ወይም በደብተር ገልብጦ ቢይዝ በቂ ነው። እንዲያውም ስክሪኑ ባይኖር ይመረጣል የምልበት ምክንያት አለኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም.) ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ የተማረበት ሁሉ ያስታውሰዋል፤ በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ክፍሉ ተከተለውም አልተከተለውም ይቀጥል ነበር፣ ጥያቄ ጠይቆም መልሱን ራሱ ይሰጥ ነበር። ጥሩ መክፈቻ ተማሪው ሲያስብ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል፤ ኤንሪች በወረቀት ሲወሰድ መጠበቁን ለመምህሩ ይተውለታል።

ድረ ገጹ ሊሰጠን የማይችለው ነገር ከእኛው ሕይወት የሚነሣውን ጥያቄ ነው፤ ይህ ወቀሳ አይደለም፤ የተሠራው ለሌላ አገር ነው። ነገር ግን የጥያቄዎቹ አሠራር ከገባን በኋላ የራሳችንን መሥራት አይከብድም። ለምሳሌ የቀን መቁጠሪያችንን እንውሰድ። የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ፤ ስልክ ሳታዩ፣ ጥቅምት 1 በምን ቀን ዋለ? ወሩ 30 ቀን ነው፤ 30 ለ7 ሲካፈል ቀሪው 2 ስለሆነ ሐሙስ ሁለት ቀን ተገፍቶ ቅዳሜ ይሆናል። ከዚያ ኅዳር ሰኞ፣ ታኅሣሥ ረቡዕ፣ ጥር ዓርብ፣ የካቲት እሑድ፣ መጋቢት ማክሰኞ ይገባሉ። ሰባቱም ቀናት አንድም ሳይቀር አንድ አንድ ወር አግኝተዋል፤ ሚያዝያ ደግሞ እንደ መስከረም በሐሙስ ይገባል። በየትኛውም ዓመት መስከረምና ሚያዝያ በአንድ ቀን የሚገቡት ለምንድን ነው? ከመስከረም 1 እስከ ሚያዝያ 1 ያለው 210 ቀን፣ ማለትም 30 ሙሉ ሳምንት ስለሆነ ነው። ለሚፈጥኑት ደግሞ ይህ ይጨመርላቸዋል፦ እንቁጣጣሽ በ2015 እሑድ፣ በ2016 ማክሰኞ፣ በ2017 ረቡዕ፣ በ2018 ሐሙስ ዋለ፤ ከ2015 ወደ 2016 ሲሻገር ሰኞን ለምን ዘለለ? የ2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደነበራት የሚያስታውስ ተማሪ መልሱን ያገኘዋል። ይህ ጥያቄ ማንኛውም ልጅ በጣቱ እየቆጠረ ሊጀምረው ይችላል፤ ጥልቀቱ ግን የኤንሪችን ያህል ነው።

ሌሎቹን ነፃ አገልግሎቶች ከኤንሪች ጋር ማነጻጸር ተገቢ ቢሆንም ሥራቸው ይለያያል። ኦስትሪያዊው ማርኩስ ሆሄንቫርተር በሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ በ2001 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ጂኦጀብራ፣ ቅርጾችንና ግራፎችን እያንቀሳቀሱ ለማሳየት ተወዳዳሪ የለውም፤ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱም ትልቅ ነገር ነው። የሦስት ማዕዘን አንዱን ጫፍ በመዳፊት እየጎተቱ የውስጥ ማዕዘኖቹ ድምር ከ180 ዲግሪ ፈቀቅ እንደማይል ማሳየት ግሩም መክፈቻ ነው። ዴስሞስ የተባለው የግራፍ መሣሪያም እንዲሁ። ሁለቱም ግን ፕሮጀክተርና መብራት ይፈልጋሉ፤ መብራት በጠፋ ቀን መምህሩ መግቢያ የለውም። ፕሮጀክተር ላለው ትምህርት ቤት የጂኦሜትሪ ርዕሶችን በጂኦጀብራ፣ የቁጥር ርዕሶችን በኤንሪች እንዲከፍት እመክራለሁ።

በውጭ አገር ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆችም ይህ ድረ ገጽ የማይጠበቅ ጥቅም አለው። ልጁ የትምህርት ቤቱን ሒሳብ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ሲማር ወላጁ ጣልቃ ለመግባት ይቸገራል፤ የአካፋዮችና የብዜቶች ጨዋታን በአማርኛ ለመጫወት ግን አንድ ወረቀትና ሁለት እርሳስ ይበቃል፤ ልጁ ሳያውቀው ቁጥሮችን በአማርኛ ሲጠራ ያመሻል።

በጥቅሉ ለኤንሪች ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት አብዛኞቹ ጥያቄዎች ረጅም ጊዜ ስለሚወስዱና ፍለጋው ለውጭ መምህር ስለሚያስቸግር ነው። የመምህሩ ማስታወሻ ብቻውን ደግሞ ብዙ ዋጋ ከሚከፈልባቸው ሥልጠናዎች ይበልጣል።

ለመጀመር የሚፈልግ መምህር ብዙ ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ ባይሰበስብ ይሻለዋል። ከ5ኛ እስከ 7ኛ ክፍል የሚያስተምር በ«ሜክ 37»፣ ከዚያ በላይ የሚያስተምር በ«ቴክ ስሪ ፍሮም ፋይቭ» ይጀምር፤ አንዱን ጥያቄ ለተለያዩ ሴክሽኖች ደጋግሞ ማቅረብ ተማሪዎች የት እንደሚሰናከሉ ስለሚያሳይ፣ ሁለተኛው ሴክሽን ከመጀመሪያው ይልቅ የተሻለ ትምህርት ያገኛል። የአካፋዮችና የብዜቶች ጨዋታን የመረጠ ሰው ከ1 እስከ 100 ያለውን ሰንጠረዥ ተማሪዎቹ በዋዜማው በቤታቸው በእስክሪብቶ ሠርተው እንዲመጡ ይዘዛቸው፤ በክፍል ውስጥ ይሠመር ከተባለ ክፍለ ጊዜው በማስመሪያ ፍለጋ ያልቃል። ስረዛው ደግሞ በእርሳስ ይሁን፤ ጨዋታው እንዳለቀ «እንደገና!» ስለሚሉ ያው ሰንጠረዥ ስረዛው በላጲስ ጠፍቶ ለሁለተኛው ዙር ያገለግላል።